አንድ ግቢ ውስጥ ስንት ቤት ይፈቀዳል? ድሬዳዋ ላይ የሚከራይ ፎቅ ለመሥራት ላሰባችሁ

አክስቴ ሳቢያን አካባቢ ግቢ አላት። ከፊት ዋናው ቤት፣ ከኋላ ሦስት ክፍል ሰርቪስ፣ መሀል ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን ቡና ላይ ሆና፣ «ሰርቪሱን ላፍርሰውና ፎቅ ልሥራ፤ ስምንት ተከራይ ካስገባሁ ጡረታዬ እሱ ነው» አለች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አጀማመራችን ግን ከጅራቱ ነበር። በሰው በሰው ያገኘነው አንድ ነዳፊ ግቢውን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ስምንት ቤት ያለው ጂ+3 ሣለልን። ሥዕሉ ያምራል፤ በረንዳው ላይ አበባ ሁሉ ነበረው። ገንዘቡን ከፈልን።

ፕላኑን ጠቅልለን ቢሮ ስንሄድ መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት የካርታውን ኮኦርዲኔት ኮምፒውተሩ ላይ መታ መታ አደረገና ስክሪኑን ወደኛ አዞረው። «እማማ፣ እዚህ ጋ ጂ+3 አይሄድም። ደግሞ ይሄ መንገድ ሲሰፋ ከፊታችሁ 2 ሜትር ይወስዳል።» በቃ። ያ ቆንጆ ሥዕል ዛሬ አክስቴ ብፌ ውስጥ ተነጥፎ ሰሃን ተደርድሮበታል።

እናንተ ላይ ይህ እንዳይደርስ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው አንድ ነጥብ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ወረቀቱ ምን ይፈቅዳል፣ ከዚያ በኋላ ሥዕል። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው።

1. ካርታውን ከሻንጣ አውጥታችሁ አንብቡት

ካርታ ሁላችንም አለን፤ አንብበነው ግን አናውቅም። የስሙን መስመር አይተን እናጥፈዋለን። አሁን ቁጭ ብላችሁ አራት ነገር ፈልጉ።

አንደኛ፣ ስሙ የማን ነው? በሟች አባት ስም ከሆነ ነገሩ የሚጀምረው ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ነው። ውጭ አገር ያለው ወንድም ውክልና መላክ አለበት። ይሄ ብቻውን ወራት ይበላል፤ ዛሬ ጀምሩት።

ሁለተኛ፣ ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ? የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይሰጣል። ከካርታው በላይ ግን ውሉን እዩ። ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ እዚያ ላይ ተጽፏል። ጊዜው ካለፈ ቢሮው መጀመሪያ የሚያነሳባችሁ እሱን ነው፤ ፎቁን አይደለም። ያልተከፈለ የሊዝ ዓመታዊ ክፍያ ወይም የቤት ግብር ካለም አስቀድማችሁ ጨርሱት። ደረሰኝ የሌለው ሰው ከመስኮት ወደ መስኮት ሲንከራተት ይውላል።

ሦስተኛ፣ አገልግሎቱ ምን ይላል? «መኖሪያ» ነው? «ድርጅት» ነው? «ቅይጥ» ነው? አንዲት ቃል ናት፤ ምድር ቤቱ ላይ ሱቅ መክፈት መቻል አለመቻላችሁን ግን እሷ ናት የምትወስነው።

አራተኛ፣ ስፋቱ። ካርታው ላይ 250 ካሬ ይላል እንበል። አጥራችሁ ውስጥ ያለው መሬት 270 ከሆነ ደስ አይበላችሁ። ትርፉ 20 ካሬ የእናንተ አይደለም፤ ሒሳብ ውስጥም አይገባም።

ባንክ ያስያዛችሁት ቤት ከሆነ ደግሞ የባንኩን ደብዳቤ አስቡበት። ሰርቪሱን ማፍረስ ማለት መያዣውን መንካት ነው።

2. የፕላን ስምምነት ጠይቁ፤ ዋናው ሥራ ይሄ ነው

የቢሮዎቹ ስም በየጊዜው ስለሚቀያየር ስም አልጽፍላችሁም። የመሬት ማኔጅመንቱን እና የግንባታ ፈቃዱን ክፍል ጠይቁ፤ ያሳዩዋችኋል። የምትጠይቁት ወረቀት «የፕላን ስምምነት» ይባላል። ቦታችሁ በከተማው ፕላን ላይ ለምን እንደተመደበና ምን ያህል መገንባት እንደሚቻል የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ከኋላው ያለው አሠራር እንዲህ ነው። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ከተማ መዋቅራዊ ፕላን ይኖረዋል። ይህ ፕላን ከተማውን ለአሥር ዓመት ያህል የሚመራ ነው። መኖሪያው የት፣ ንግዱ የት፣ ኢንዱስትሪው የት፣ አረንጓዴው የት፣ ዋና መንገዱ በየት እንደሚያልፍ ያሳያል። ከሱ ሥር ደግሞ የአካባቢ ልማት ፕላን አለ። እሱ ወደ ሰፈር ወርዶ ብሎክ በብሎክ ይናገራል። ለሰፈራችሁ የአካባቢ ልማት ፕላን ተሠርቶ ከሆነ የሚሠራላችሁ ዝርዝሩ ነው። «መዋቅራዊ ፕላኑ ላይ መኖሪያ ነው» ብሎ መመለስ አይበቃም።

ድሬ ላይ ይሄ ነገር ከሌላው ከተማ በላይ ትርጉም አለው። ከተማችን በ1895 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ከዚራ የሚባለው ሰፈር በመስመር ተሰምሮ፣ መንገዱ ሰፍቶ፣ ዛፍ ተተክሎለት ነው የተሠራው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ሰፈር ስትገቡ ደግሞ ጠባብ መተላለፊያና ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ቤት ነው። ከዚራ ያለ 200 ካሬና መጋላ ያለ 200 ካሬ ካርታው ላይ አንድ ናቸው። ሊገነባባቸው የሚችለው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ «ጓደኛዬ እኮ በ200 ካሬ ጂ+4 ሠራ» የሚለውን የበርጫ ወሬ እዚያው በርጫው ላይ ተዉት።

መስኮቱ ላይ ስትቆሙ እነዚህን ጠይቁ፤ መልሱንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያዙት። ቦታዬ ንጹህ መኖሪያ ነው ወይስ ቅይጥ? ከፍተኛው ፎቅ ስንት ነው? ዝቅተኛውስ? (አዎ፣ አንዳንድ ዋና መንገድ ዳር «ከዚህ በታች አትሥራ» የሚልም አለ። ኪሱ የማይችል ሰው እዚያ ጋ ይቸገራል።) ቢኤአር (ሕንፃው ከመሬቱ ላይ የሚይዘው ድርሻ) ስንት ነው? ኤፍኤአርስ (የሁሉም ፎቅ ስፋት ድምር ለመሬቱ ሲካፈል)? ከመንገድ፣ ከግራ፣ ከቀኝና ከኋላ ስንት ሜትር ልራቅ? የፊት ለፊቱ መንገድ በፕላኑ ስንት ሜትር ነው? ለስንት ቤት ስንት መኪና ማቆሚያ? አንድ ይዞታ ላይ ከአንድ በላይ ቤተሰብ የሚኖርበት ሕንፃ ይፈቀዳል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቃትም። «መኖሪያ ነው» ስንባል ስምንት በር ያለውም መኖሪያ ነው ብለን እናስባለን። ቢሮው ግን ለአንድ ቤተሰብ ቪላና ለስምንት ተከራይ አፓርታማ የሚያየው በተለያየ ዓይን ነው። ደረጃው፣ ፍሳሹ፣ መኪናው፣ የእሳት መውጫው ሁሉ ይለያያል። ቪላ ብሎ አስፈቅዶ በኋላ በየክፍሉ ወጥ ቤት መግጠም የተለመደ ብልጠት ነው። አትሞክሩት። ቆጣሪ ለማስገባት ስትሄዱ ይያዛል።

ወንዝ አጠገብ ላላችሁ ደግሞ ለብቻው የምለው አለኝ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል። በ1998 ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። እዚህ ከተማ ላይ ዝናብ ሳይዘንብ ላይኛው ተራራ ላይ የዘነበው ነው የሚመጣው። ስለዚህ «የወንዝ ዳር ክልል» ሲሏችሁ ከእናንተ ጋር ለመጣላት አይደለም። ክልሉ ቦታችሁን የሚነካው ከሆነ የቀረውን መሬት አስሉና ፎቁ ያዋጣ እንደሆነ እንደገና አስቡ። በጉዳይ ገዳይ ለማለፍ የሚሞክር አይጠፋም፤ ጎርፍ ግን ጉዳይ ገዳይ አያውቅም።

3. መሬቱን በሜትር አስለኩ

ቀያሽ ጥሩ። ርካሽ አይደለም፤ ቤት ካፈረሱ በኋላ ከመጣላት ግን ይረክሳል።

የኛን ልንገራችሁ። ቀያሹ መሣሪያውን ተክሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጥግ አገኘ። አራተኛው የለም። ቢፈልግ ቢፈልግ የለም። በመጨረሻ የጎረቤታችን የሐጂ የዶሮ ቤት ሥር ሆኖ ተገኘ። ድንጋዩ እዚያ አፈር ለብሶ ተኝቷል። ለካ ድሮ አጥሩ ሲጠገን ግንበኛው በዓይኑ ቀጥ አድርጎት ኖሯል፤ በአንድ ጥግ 60 ሳንቲሜትር ገብቶብናል። ሐጂ ራሳቸው ሳቁ። «ዶሮዋ ናት እንጂ እኔ መሬት አልነጠቅኩም» አሉ። በሽማግሌ ተነጋግረን አጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። 60 ሳንቲሜትሩን ያገኘነው መሠረት ተቆፍሮ በኋላ ቢሆን ኖሮ ሳቅ አይኖርም ነበር።

ሲለካ ጎረቤት ቁጭ ብሎ ይይ። በፊርማ ከሆነ ደግሞ የተሻለ።

4. ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት

ቢኤአርና ኤፍኤአር ሲባል ሰው ይደነግጣል። የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ናቸው።

ቢኤአር ማለት ሕንፃው መሬት ላይ የሚያርፍበት ስፋት ለጠቅላላው መሬት ሲካፈል ነው። ኤፍኤአር ደግሞ የሁሉም ፎቅ ስፋት ተደምሮ ለመሬቱ ሲካፈል ነው። የመጀመሪያው «ምን ያህል ትተኛለህ?» ይላል፤ ሁለተኛው «ምን ያህል ትከመራለህ?»

ለልምምድ አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ ያመጣኋቸው፤ የናንተን ከፕላን ስምምነታችሁ አንብባችሁ ተኩ። መሬቱ 12.5 በ20 ሜትር፣ ማለትም 250 ካሬ ነው። መንገድ ከፊት 2 ሜትር ይወስዳል። ቀረ 12.5 በ18፣ ማለትም 225 ካሬ። ከመንገድ 3 ሜትር፣ ከኋላ 2 ሜትር፣ ከአንድ ጎን 2 ሜትር ራቁ ተባልን፤ በሌላው ጎን መጠጋት ተፈቀደልን። ስለዚህ መቆም የምንችልበት ቦታ ወርዱ 10.5፣ ርዝመቱ 13 ሜትር ነው። 136.5 ካሬ። «አሪፍ ነው፣ እሱን በሦስት እንደርባለን» እንዳትሉ።

ቢኤአሩ 0.5 ቢሆን ከ225 ላይ 112.5 ካሬ ብቻ ነው። ቦታው 136.5 ቢያስቆምም ማረፍ የምትችሉት 112.5 ላይ ነው። ሁልጊዜ ትንሹ ቁጥር ነው የሚገዛችሁ። አሁን ኤፍኤአሩ 1.2 ነው እንበል። 225 ሲባዛ በ1.2 270 ካሬ ይሆናል። ጂ+2 ማለት ሦስት ወለል ነው። 112.5 በሦስት 337.5 ነው፤ ከ270 ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወለል ወደ 90 ካሬ ይወርዳል። ከዚያ ላይ ደረጃውና መተላለፊያው 15 ካሬ ያህል ይበላል። በአንድ ወለል 75 ካሬ ቀረ።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። 75 ካሬውን ለሁለት ከፍላችሁ 37 ካሬ አካባቢ የሆኑ ስድስት ትንንሽ ቤቶች ትሠራላችሁ? ወይስ በየወለሉ አንድ፣ ሦስት ሰፋፊ ባለ ሁለት መኝታ ቤቶች? የአክስቴ ምኞት ስምንት ነበር። ሒሳቡ ስድስት አለ። እኔ ብጠየቅ አምስት እላለሁ። ምድር ቤቱን አንድ ሰፊ አድርጎ ራሷ ትኖርበታለች፤ ላይኞቹ ሁለት ወለሎች ላይ አራት ተከራይ። ጉልበቷ ሲደክም ደረጃ አትወጣም፤ በሩን የሚያንኳኳውን ሁሉ ደግሞ ቁጭ ብላ ታያለች። ይሄ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ሕጉ አያገባውም።

አንድ ወጥመድ አለ። ቢኤአሩ የሚሰላው ከካርታው ስፋት ነው ወይስ መንገዱ ከተቀነሰ በኋላ? በረንዳስ ይቆጠራል? ሰርቪስ ቤትስ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። መልሱ አንድ ሙሉ ክፍል ሊሰጣችሁ ወይም ሊነጥቃችሁ ይችላል።

5. መስኮት፣ ጎረቤት፣ ሙቀት

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ሙቀቷን የምታውቁት ናችሁ። አዲስ አበባ የተሠራ ፕላን እዚህ አምጥቶ የሚገነባ ሰው ተከራዩን በዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ምዕራብ የሚያይ ትልቅ መስታወት አታስገቡ። በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል የሚወጣ ነፋስ ይኑር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ቢቻል ሁለት አቅጣጫ ያለው መስኮት ይፈልጋል።

እና እዚህ ጋ ነው ደንቡና ሙቀቱ የሚጋጩት። ነፋስ የሚፈልግ መስኮት ጎን ላይ ይከፈታል። ጎን ላይ ሲከፈት የጎረቤት ግቢ ያያል። የሚከፈት መስኮት ያለው ግድግዳ ደግሞ ወሰን ላይ መለጠፍ አይችልም። ስንት ሜትር መራቅ እንዳለበት ስምምነቱ ላይ ታገኙታላችሁ። ወሰን ላይ የተለጠፈው ግድግዳ ድፍን ይሆናል፤ ዓይን የለውም። ስለዚህ ቤቶቹን ስትከፍሉ አንዱ ቤት ድፍን ግድግዳ ብቻ እንዳይደርሰው ተጠንቀቁ። መታጠቢያና ደረጃ ወደ ድፍኑ፣ መኝታና ሳሎን ወደ ክፍቱ።

ከቁጥሩ በላይ ደግሞ ኑሮ አለ። ሌላዋ ጎረቤታችን ከሰዓት በኋላ ግቢያቸው ውስጥ ሻሻቸውን አውልቀው ነው የሚቀመጡት። ከሁለተኛ ፎቅ አራት ተከራይ ሲያያቸው ምን ይሰማቸዋል? የመስኮቱን ከንፈር ከፍ አደረግነው፤ ከወለሉ 1.60 ሜትር። አየሩ ይገባል፣ ዓይን አይወጣም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1225 ባለቤት በይዞታው ሲጠቀም ጎረቤቱን በጭስ፣ በመጥፎ ጠረን፣ በጫጫታና በንቅናቄ ማወክ እንደማይገባው ይናገራል። የተከራዮቹን የከሰል ምድጃና የጄነሬተሩን ቦታ ስታስቡ አስታውሱት።

6. ውኃ፣ ፍሳሽ፣ ቆጣሪ፣ መኪና

ስድስት ቤት ማለት ስድስት ሽንት ቤት፣ ስድስት ሻወር ነው። ፍሳሹ የት ነው የሚሄደው? ከማዕከላዊ መስመር ጋር የማይገናኝ ሰፈር ከሆነ ሴፕቲክ ታንክ ያስፈልጋል፤ ነዳፊው ደግሞ በሰው ቁጥር አስልቶ ማሳየት አለበት። ቦታውን ስትመርጡ ፍሳሽ የሚመጠው መኪና ቱቦ የሚደርስበት ይሁን። ከሕንፃው ጀርባ አስቀምጠው፣ መኪናው ሲመጣ በተከራይ ሳሎን ውስጥ ቱቦ የጎተቱ ሰዎች አይቻለሁ። ሽታውን አልነግራችሁም።

የድሬ ውኃ ጨዋማና ኖራ የበዛበት ነው። ጀበናችን ውስጥ ያለውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ፤ ቧንቧችንም ውስጥ እሱው አለ። ስለዚህ ዋና መስመሩን በግድግዳ ውስጥ አትቅበሩት፤ በአንድ ቀጥ ያለ ጉድጓድ፣ በር ባለው ሳጥን ውስጥ ይውረድ። ሲደፈን ግድግዳ ሳይሰበር ይቀየራል። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን ሮቶ ክብደት ደግሞ መሐንዲሱ ሒሳብ ውስጥ ያስገባው። ሁለት ሺህ ሊትር ማለት ሁለት ቶን ነው። በኋላ «ትንሽ ሮቶ እንጨምር» አይባልም።

መብራት ለየቤቱ የራሱ ቆጣሪ። በአንድ ቆጣሪ ስድስት ተከራይ ማስገባት ማለት በየወሩ መጨረሻ ዳኛ መሆን ማለት ነው።

መኪና ማቆሚያ ላይ ብዙ አልልም። የተባላችሁትን ቁጥር አሟሉ፤ ባጃጅ ያለው ተከራይም እንደሚመጣ አትርሱ።

7. ሕንፃችሁ በየትኛው መደብ ነው?

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት መደብ ከፍሎ ነበር፤ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ»። በጥቅሉ ሲታይ ባለ አንድ ወለል ትንሽ ቤትና ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ «ሀ» ውስጥ ይገባ ነበር። ከፍ ያለው መኖሪያ «ለ» ነበር። ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጥ ደግሞ «ሐ» ነበር፤ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎችና ፋብሪካዎችም እዚያው ነበሩ። የሕንፃ ሕጉ በየጊዜው ስለሚሻሻል አሁን በሥራ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ፣ መደቦቹም ምን እንደሆኑ ፎርም ስትወስዱ አረጋግጡ።

ለምን ይሄን አነሳሁ? እንዲህ ያለች የከፍታ መስመር ሰው ሳያስበው ትጠልፈዋለች። የ12 ሜትሯን ለምሳሌ እንውሰድ። ጂ+3 አራት ወለል ነው። ወለል በወለል 3 ሜትር ቢሆን 12 ላይ ልክ ይቆማል። እኛ ድሬዎች ግን ሙቀቱን ሸሽተን ጣሪያ እናስረዝማለን። 3.20 ስታደርጉት 12.80 ሆነ። መደቡ ተቀየረ። በዚያ አዋጅ መሠረት «ሐ» መደብ ሕንፃ ሲያልቅ ሰው ከመግባቱ በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድ ይፈልግ ነበር፤ የባለሙያውና የተቋራጩ ደረጃም ከፍ ይል ነበር። ሦስት ወለል በ3.30 ቢሆን 9.90 ነው፤ ቤቱም ይተነፍሳል፣ መስመሩንም አትነኩም። ለኔ ጂ+2 ለመኖሪያ ሰፈር የሚመቸው ቁመት ነው፤ አሳንሰር ሳያስፈልግ አሮጊትም ትወጣዋለች።

ሥዕሉ አራት ዓይነት ነው፤ አርክቴክቸራል፣ ስትራክቸራል፣ ሳኒተሪና ኤሌክትሪካል። እያንዳንዱን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይፈርምበት፤ ፈቃዱ መታደሱን ደግሞ ራሳችሁ እዩ። «እኔ እሠራዋለሁ፣ ፊርማውን ሌላ ሰው ያስቀምጥልናል» የሚል ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው ያለነው። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ላይ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ስንት ጊዜ እንደተንቀጠቀጠ ሁላችንም ሰምተናል። የፌሮ ቁጠባ የሚቆጠርበት ቀን አለ። የአፈር ምርመራም አሠሩ፤ አሸዋማ ቦታ ላይ ከሆናችሁ አትከራከሩ።

8. ማስገባትና መመላለስ

ፋይሉን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ ቤት ይቅር። ፕላን መርማሪው በቀይ እስክሪብቶ አስተያየት ጽፎ ይመልሳል። አትናደዱ፤ ሳይመለስ ያለፈ ፕላን እኔ አላየሁም። የኛ በሁለት ነገር ተመለሰ። የደረጃው ወርድ ጠባብ ነበር፤ መኪና ማቆሚያው ደግሞ የኒሙን ግንድ ደርቦ ነበር የተሣለው። ዛፉ አልተቆረጠም፤ መኪናው ተገፋ።

አስተያየቱን ነዳፊው ራሱ ሄዶ ይስማ። እናንተ ተርጉማችሁ ስትነግሩት ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ከነዳፊው ጋር ስትዋዋሉም የመጨረሻውን ክፍያ ፈቃዱ እጃችሁ ሲገባ እንጂ ሥዕሉ ሲያልቅ አትስጡ። እኛ የመጀመሪያው ላይ ያጠፋነው እሱን ነው።

9. ከቁፋሮ እስከ ጣሪያ

ፈቃዱ ላይ ያለውን ቀን አንብቡ፤ ፈቃድ ዕድሜ አለው። ከመቆፈራችሁ በፊት ጎረቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ስንጥቅ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ባለቤቱ ባሉበት። ነገ «እናንተ ናችሁ የሰነጠቃችሁት» ሲባል ፎቶው ይናገራል። ከሕንፃ ሹም የሚመጣው ተቆጣጣሪ መሠረቱንና ፌሮውን አርማታ ከመሞላቱ በፊት ማየት አለበት። ፎርማናችሁ «ሲሚንቶው ይበላሻል፣ እንሙላው» ቢልም ጠብቁ። አርማታ ከተሞላ በኋላ የሚታይ ነገር የለም።

መሀል ላይ ሐሳብ ከተቀየረ፣ ለምሳሌ አንዱን ሳሎን ለሁለት መክፈል ካማራችሁ፣ መጀመሪያ የተሻሻለውን ፕላን አስፈቅዱ። በረንዳን በብሎኬት ዘግቶ ክፍል ማድረግም ለውጥ ነው። «ማን ያየዋል?» ትላላችሁ፤ የሚያየው ጎረቤት ነው፣ የሚናገረውም እሱ ነው።

10. ተከራይ ሲገባ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። የከተማው አፈጻጸም እንዴት እንደሆነ ቀበሌያችሁን ጠይቁ። የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብሎ ፎቁን መጨረስ ያሰበ ሰው ካለ ዕቅዱን ይከልስ።

ቤቶቹን ለየብቻ ለመሸጥ የምታስቡ ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው። አንድ ካርታ ላይ ያለ ሕንፃ በር በበር አይሸጥም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው የሚገዛው። ሕንፃው በዚያ መሠረት ይመዘገባል፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የጋራ ይሆናል። ይህን ከመጀመሪያው ለአርክቴክቱ ንገሩት፤ ቆጣሪና ቧንቧ አከፋፈሉ ሁሉ ከሱ ጋር ይያያዛል።

አክስቴ አሁን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደርሳለች። ሐጂ ዶሮ ቤታቸውን በሌላው ጥግ ሠርተዋል። ከሰዓት በኋላ ኒሙ ሥር ወንበር አውጥተው ግንበኞቹን ይቆጥራሉ፤ አንድ ቀን አንዱ ሲቀር «ዛሬ አምስት ናቸው፣ ስድስተኛው የት ሄደ?» ብለው የጠየቁት እሳቸው ናቸው።